ጣቶቼ የጻፉት አንቀጽ

መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን ወንበር አልተሰጠኝም። ጋሽ በቀለ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ያላቸው አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። አንዱ ወንበር የእሳቸው፣ ሌላው የባለጉዳይ። «አንቺ ትቆሚያለሽ። ባለጉዳይ ግን ቆሞ ጉዳዩን አያስረዳም» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ወረቀትና ካርቦን ሳቀብል ዋልኩ። ቅጣት አልመሰለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ እናቴ «ይቺን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የወለድኳት» ትል ነበር። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ አንድ ቀን ከመጡት ዘጠኝ ባለጉዳዮች ሰባቱ የመጡት አንድ ነገር ለሁለት ሊያስከፍሉ ነበር፦ ቤት፣ ግቢ፣ የወፍጮ ቤት ድርሻ፣ አንዷማ የባሏን አልጋ።

ስድስት ወር ካርቦን ሳቀብልና ቴምብር ስለጥፍ ቆየሁ። ከዚያ ታይፒስት ሆንኩ። ጋሽ በቀለ ያስተማሩኝ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ ወረቀት መኪናው ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው፣ ለመጣ ሁሉ ይጻፋል፣ ነገር ግን በአንድ ጉዳይ ለሁለት ወገን አይጻፍም። «ለሁለቱም የጻፈ ራፖር ጸሐፊ ማታ ከሁለቱም ይሸሻል» ይሉ ነበር፤ እየሳቁ አልነበረም።

እሳቸው ሲያርፉ ጃንጥላውም መኪናውም ለእኔ ቀረ። ኮምፒውተር ሲመጣ ጃንጥላውን አጥፌ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንዲት ጥግ ተከራየሁ። የማመልከቻው ዓይነት ግን አልተለወጠም። የውርስ ክፍፍል፣ የፍቺ ክፍፍል፣ የማኅበር ክፍፍል። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ከሰው ሳለያይ ኖርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ባለጉዳይ ገና በሩ ላይ ሲደርስ ምን ሊያስከፍል እንደመጣ ከአካሄዱ እለየው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ብዛት አንድ ዓረፍተ ነገር ጣቶቼ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እንዲህ ይላል፦ «ንብረቱ በዓይነት ይከፈል፤ በዓይነት መክፈል የማይቻል ሲሆን በሐራጅ ተሽጦ ድርሻው ይሰጥ።» ይህን ለመጻፍ ማሰብ አያስፈልገኝም። ከባለጉዳይ ጋር እየተጫወትኩ፣ ሻይ አምጪልኝ እያልኩ፣ መስኮት መስኮት እያየሁ እጽፈዋለሁ። በሙያዬ የምኮራበት አንዱ ነገር ይህ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ይኸው ኩራቴ ያመጣብኝን ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ጠዋት ሰባት ቤተሰብ በአንድ ላይ መጣ። ቤቱ ስለማይበቃ ግማሾቹ መንገድ ላይ ቆሙ። እኔም ከልምዴ ተነስቼ የአንድ አባት ወራሾች ናቸው ብዬ ገመትኩና «ሟች መቼ ነው ያረፉት?» አልኩ። ሳቁብኝ። የሞተ ሰው የለም አሉ።

አብነት የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ለየበዓሉ አንድ በሬ ገዝተው ቅርጫ የሚካፈሉ፣ በቅርጫውም እንደ ዘመድ የተሳሰሩ። በሬውን የሚቆርጡት ጋሽ ክንፈ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሥጋ ቤት የሠሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው። ሥጋውን ሰባት መደብ አድርገው ሲያስቀምጡ ከጉበቱም፣ ከሽንጡም፣ ከአጥንቱም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ዕጣውን ይሰጣል፦ ቁልፍ፣ ክብሪት፣ ቅጠል፣ የተገኘውን። ያላየ ሰው ይጠራና ዕጣዎቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። በዚህ ዓይነት ለብዙ ዓመት አንድም ቀን ቅር ተሰኝተው አያውቁም።

ከእነሱ መካከል ወይዘሮ ብርሃኔ የምትባል፣ ዕድሜዋን ሁሉ የእርሻ ትምህርት ስታስተምር የኖረች ሴት አለች። ሐሳቡ የእሷ ነው። በጅማ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ሄዶ፣ ማንም ያልፈለገው የተራቆተ ተዳፋት መሬት በማኅበር ስም በሊዝ አግኝተዋል። እንደምታውቁት እዚህ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰዎቹ የሚጋሩት የመጠቀም መብቱን ነው። አንድ የይዞታ ደብተር፣ ሰባት ቤተሰብ፣ ድንበር የለም። በሚበቅልበት ቦታ ላይ ቤት አይሠሩም፤ ሰባቱም ቤት ላይኛው ድንጋያማ ቦታ ላይ ይሠራል። ታች ያለውን አፈር አያርሱትም። በገለባ ያለብሱታል፣ እርከን ይሠሩለታል፣ ብስባሽ ያበሉታል፣ ባቄላና ጓያ እየዘሩ እዚያው መልሰው ያበሰብሱበታል፤ እስኪያገግም ይጠብቁታል።

«የምንፈልገው የውስጥ ስምምነት ነው። ማን ምን ቀን እንደሚሠራ፣ ምርቱ እንዴት እንደሚዳረስ፣ መሬቱ ሳይከፋፈል ለልጅ ልጅ እንዲቆይ የሚያደርግ ጽሑፍ» አለችኝ ወይዘሮ ብርሃኔ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመለያየት ያልመጣ ደንበኛ አገኘሁ። ደስ አለኝ። ከደስታዬ የተነሳ ተነስቼ ቆሜ ነው የጻፍኩት። አሥራ ሦስት አንቀጽ ጻፍኩላቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ተከራከሩ፣ እኔም አረምኩ። አሥራ ሦስቱ አንቀጽ ሦስት ቀን ፈጀብን።

ከዚያ አሥራ አራተኛውን ጣቶቼ ጻፉት። «አለመግባባት ቢፈጠር ወይም አባል መልቀቅ ቢፈልግ፣ ንብረቱ በዓይነት ይከፈል…» እያለ የሚሄደውን። ምን እንደጻፍኩ ልብ አላልኩም። ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልቀው። ጮክ ብዬም አነበብኩላቸው። ሰባቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ድርሻውን በዓይነት መውሰዱ ለቅርጫ ተካፋይ ምኑ ይገርመዋል? ወይዘሮ ብርሃኔ እንኳ አላስተዋለችም። ፈረሙ፣ ምስክር ፈረመ፣ አጸደቁት። ሲወጡ ጋሽ ክንፈ «የሚቀጥለው በዓል መደብሽ አይቀርም» ብለው ቀለዱብኝ፤ እውነትም ግማሽ ኪሎ ሽንጥ ላኩልኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን የምሰማው ከታምራት ነው። ታምራት ከሰባቱ አንዱ ሲሆን አብነት ብረታ ብረት ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይበይዳል። ፍርድ ቤት አካባቢ ሥራ ሲያገኝ እኔ ጋ ጎራ ይላል። እንደ እኔው ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ስለሆነ ሁለታችንም ቆመን ነው የምናወራው። ሦስት ቤተሰቦች ጠቅልለው ገብተው እዚያው ይኖራሉ። እሱ ግን ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አብነት ትቶ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ይመላለሳል። መሬቱ ማብላት ሲጀምር ቤተሰቡን ይዞ ሊገባ ቃል ገብቷል።

የታችኛው ማሳ የእሱ ተራ ነበር። ሥጋ ቤት ለሥጋ ቤት ዞሮ ፈርስ ይሰበስባል፣ ከአናጢዎች ሰጋቱራ ይለምናል፣ አትክልት ተራ የወደቀ ጎመን ይጭናል። ሁሉንም ወስዶ ያበሰብሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት «እትዬ ዘነብ፣ ትል አገኘሁ!» ብሎ ልጅ የተወለደለት ያህል እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ። በሁለተኛው ዓመት ስለ ትል ማውራት ተወ። በሦስተኛው ዓመት ስለ ጎረቤት ገበሬዎች ብቻ ሆነ ወሬው። እነሱ አርሰው፣ ማዳበሪያ በትነው፣ ጤፍ ያጭዳሉ። የእነ ታምራት መሬት ገና ገለባ ለብሶ ተኝቷል።

«ወይዘሮ ብርሃኔን ስጠይቃት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትለኛለች። እንቁላሉ እኮ ሦስት ዓመቱ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲመጣ ግን ከአካሄዱ ለየሁት። የአስከፋይ አካሄድ ነው። መጣና ሳይጠየቅ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ስምምነቱን ከላስቲክ ውስጥ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና አሥራ አራተኛው አንቀጽ ላይ ጣቱን አስቀመጠ።

«ድርሻዬን በዓይነት ልካፈል ነው። ክሱን እርስዎ ይጻፉልኝ።»

አንቀጹን አነበብኩት። ድጋሚ አነበብኩት።  መሬቱ እንዳይከፋፈል ተብሎ በተጻፈ ወረቀት መጨረሻ ላይ፣ መሬቱን የሚከፋፍል አንቀጽ፣ በራሴ ጣት። ሠላሳ ዓመት «ዘነበች የጻፈችው ወረቀት አይመለስም» ሲባልልኝ ኖሬያለሁ። ይሄም አይመለስም።

ምን ሆነህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። የተጣላው ሰው የለም። ሰባተኛውን ድርሻውን አርሶ፣ ጤፍ ዘርቶ፣ ዘንድሮውኑ ሊያጭድ ነው የፈለገው። «ልጆቼ ቅዳሜና እሁድ አባት የላቸውም። ትልቋ በቀደም ‹አባዬ፣ አፈሩ ዳነ ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። ስለ በሽተኛ ዘመድ ነው የምትጠይቀው የሚመስለው። ደከመኝ፣ እትዬ ዘነብ። ወይ ይብላልኝ ወይ ያብላኝ።»

የጋሽ በቀለን ሕግ ነገርኩት። ስምምነቱን ለሰባቱም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ለአንዱ ብቻ ልጽፍ አልችልም አልኩት። አልተከራከረኝም። «አጠገብዎ ያለው ጸሐፊ ጋ እሄዳለሁ» አለና ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። አጠገቤ ያለው ጸሐፊ በግማሽ ሰዓት እንደሚጨርሰው አውቃለሁ። ስለዚህ የመጣልኝን ተናገርኩ። ክፍፍል ሲጠየቅ የድርሻው ንድፍ መያያዝ አለበት፤ እስከ እሁድ ታገሠኝ፣ አብሬህ ሄጄ መሬቱን አይተን እንለካለን አልኩት። ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ያን ሳምንት ወንበር አላየሁም። አራት ጊዜ ሜክሲኮ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ፈተናው ግልጽ ነበር። ለወይዘሮ ብርሃኔ ደውዬ «ታምራት ሳይከስ በፊት ስድስታችሁ ተሰብሰቡና አንቀጹን ሰርዙት» ብላት ነገሩ ያልቃል። ስህተቴም አብሮ ይቀበራል። ሐሙስ ዕለት ባቡር ጣቢያው ሥር ቆሜ ደወልኩላት። «አቤት፣ ዘነበች» አለች። ሰላምታ ብቻ አቅርቤ፣ እሁድ እመጣለሁ ብዬ ዘጋሁት። እምነት ጥሎብኝ የመጣውን ሰው ከኋላው መውጋት አልሆንልሽ አለኝ። 

እሁድ ጠዋት ከታምራት ጋር ሄድን። መሬቱን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ብዙ ጊዜ ስለጻፍኩት የማውቀው መስሎኝ ነበር። ላይ ሰባቱ ቤት በአንድ ረድፍ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። ከእነሱ በታች ጉድጓዱና የብስባሹ ዳስ አለ። ከዚያ እርከኖቹ ተዳፋቱን አግድም እየቆረጡ ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ የታምራት ማሳ ነው። ጎንበስ ብዬ ገለባውን ገለጥ አደረግሁት። አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ እጅ ላይ የሚፈረፈር ነው። አጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤት መሬት ቀይና ድርቅ ያለ ነው። ታምራት አጠገቤ ቆሞ ሌላ ቦታ ያይ ነበር።

ሁሉም ዳሱ ሥር ተሰበሰቡ።  ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተናገርኩ። «ታምራት መካፈል ይፈልጋል። መብቱን የሰጠው አሥራ አራተኛው አንቀጽ ነው። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእናንተ አንዳችሁም አላዘዛችሁኝም። ከልማድ ነው የጻፍኩት፣ ሳላስብ።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ፊቷ ተለዋወጠ። «እኛ እኮ የመጣነው ላለመከፋፈል ነው። ይህን አንድ ነገር ነው የጠየቅንሽ» አለችኝ።  ትሰድበኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ማሳው ዞረች።

የታደገኝ ጋሽ ክንፈ ናቸው፤ መታደግ ከተባለ። «አንብባልን ነበር። ጆሯችን የት ሄዶ ነው? እኔ ራሴ ራሴን ነቅንቄያለሁ» አሉ። ቀጥለውም ወደ ታምራት ዞሩ። ተጽፎ የተፈረመ ነገር ነው፣ ይቆረጥ ካልክ ይቆረጣል፣ ግን መደብ የሚያወጣው እንደ ወትሮው እኔ ነኝ፣ የሚደርስህም በዕጣ ነው አሉት። ታምራት ተስማማ። የክስ ማመልከቻ ሳይጻፍ፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በራሳቸው ወግ ሊካፈሉ ነው። ይህም ያው መከፋፈል ነበር። ገመድና ችካል ይዘን ተነሳን።

ጋሽ ክንፈ መጀመሪያ መሬቱን አግድም ሊከፍሉት ሞከሩ። ላይኛው ድንጋይ የደረሰው ሰው አጥንት ብቻ ደረሰው ማለት ነው፤ ታችኛው ደግሞ ሽንጥ ብቻ ነው። ችካሉን ነቀሉ። ቀጥለው ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ቀበቶ፣ ሰባት ቦታ ከፈሉት። እውነትም እንዲህ ሲሆን ለሁሉም ከድንጋዩም ከጥቁሩም ይደርሳል። ሰዓታት ፈጀባቸው። በርምጃ ይለካሉ፣ ይመለሳሉ፣ ገመዱን ግማሽ ክንድ ይገፋሉ፣ እንደገና ይለካሉ። አንዱ ሲበልጥ ሌላው ሲያንስ እያዩ ያጉተመትማሉ። ማንም አልረዳቸውም፤ መደብ ሲያወጡ ሰው አጠገባቸው አይቆምም።

ሲጨርሱ ሰባቱ መደብ እኩል ነበር። ታምራት ከቀበቶዎቹ ወደ አንዱ ገብቶ መሃል ላይ ቆመ። ስፋቱ አሥራ ሁለት ርምጃ ነው። እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ወደ ላይ ወደ ታች አየ። ጥማድ በሬ እዚያ ውስጥ አግድም አይዞርም፤ ማረስ ደግሞ አግድም ሳያቋርጡት አይሆንም። ሽቅብ ቁልቁል ብቻ ቢያርሰው የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። እርከኑም የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሰባቱንም ቀበቶ አቋርጦ የሚያልፍ አንድ እርከን ነው። እሱ አሥራ ሁለት ርምጃውን ቢያፈርስ የጎረቤቱ በውሃ ይሄዳል። ጉድጓዱ ደግሞ ሦስተኛው መደብ ውስጥ ወድቋል።

ጋሽ ክንፈ ገመዱን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ዕጣ ይምጣ ሲባል ገመዱን መጠቅለል ያዙ። እየጠቀለሉም ተናገሩ።

«ቅርጫ የሚቆረጠው በሬው ከታረደ በኋላ ነው። ይሄ ገና እየተነፈሰ ነው። እኔ በቁሙ አልቆርጥም።»

 እንዲህ ያለ ንግግር ነገሩን ሁሉ ይዘጋዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ታምራት ግን እጁ እንደተዘረጋ ዞሮ አየን። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነው።

«እንግዲያስ እኔ እዚህ ታስሬ ልቀር ነው?» አለ።

ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ አሥራ ሦስት አንቀጽ ስንጽፍ ማንም አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ያኔ ነው የገባኝ። ስህተቴ የተሳሳተ አንቀጽ መጻፌ ብቻ አልነበረም። ለሰባት ቤተሰብ ቤት ሠርቼ በር ሳልሠራለት፣ በበሩ ቦታ መጥረቢያ ሰቅዬ ነው የሄድኩት። መውጣት የፈለገ ሰው ቤቱን ከማፍረስ በቀር መንገድ አልነበረውም። አዘንኩለት። በራሴም ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ አራት እሁድ ተመላለስኩ። ላፕቶፕ ይዤ ዳሱ ሥር ቆሜ እየጻፍኩ። ወይዘሮ ብርሃኔ አባል እስከ አምስት ዓመት እንዳይለቅ ይጻፍ አለች። ጋሽ ክንፈ፣ በግድ የተቀመጠ ሰው እርከን አይሠራም፣ ድንጋይ እየቆጠረ ይውላል ብለው እምቢ አሉ። ታምራት የሚወጣ ሰው በእሱ ቦታ የሚገባ ቤተሰብ ይዞ ይምጣ፣ የገባውም አንድ ክረምት ሠርቶ ይታይ አለ። ይህ ሐሳብ አለፈ። ምን ይዞ ይውጣ በሚለው ላይ ሁለት እሁድ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሚለቅ አባል፣ ቢወሰድ መሬቱን የማያቆስል፣ በራሱ ሥራ የተገኘ ነገር መርጦ ይወስዳል፤ ይህንንም ሌሎቹ በአንድ ላይ ቆመው አይተው ይፈቅዳሉ።» በሙያዬ ከጻፍኩት ሁሉ እንዲህ ያስቸገረኝ ዓረፍተ ነገር የለም። የቀድሞውን አሥራ አራተኛ አንቀጽ ሠርዘን እሱን በቦታው አስገባን።

በዚያች ወረቀት የጋሽ በቀለን ሁለተኛ ሕግ ጣስኩ። ለታምራትም ለስድስቱም ጻፍኩ፣ በአንድ ጉዳይ። ማታ ከሁለቱም አልሸሸሁም። እሳቸው ቢኖሩ ምን እንደሚሉ ግን እስካሁን አላውቅም።

መጀመሪያ የፈረመው ታምራት ነው። መጀመሪያ የተጠቀመበትም እሱ ነው። በሩ ሲከፈትለት እዚያው ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ወይዘሮ ብርሃኔም እንደዚሁ። አልቀረም። የእኅቱን ቤተሰብ አምጥቶ አስተዋወቀ፣ አንድ ክረምት አብሯቸው ሠርቶ አሳያቸው፣ ከዚያ ልለቅ ነው አለ። ምን ይዘህ ትወጣለህ ተባለ።

«አፈር» አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ከታችኛው ማሳ፣ ራሱ ካበሰበሰው፣ ስድስት ጆንያ። ሁሉም ወይዘሮ ብርሃኔን አየ። የአፈሩን ዋጋ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጣት ያህሉን ለማግኘት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለእኛ ያስተማረችን እሷ ናት።  እሷም አካፋ አንስታ ሄደችና ከየቦታው ሳሳ ሳሳ አድርጋ፣ አንድ ጉድጓድ ሳትተው፣ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሷ ሞላችለት። የተገለጠውን ቦታ ሁሉ መልሳ ገለባ አለበሰችው። እያለቀሰች ነበር። ታምራትም እንደዚያው።

ዘንድሮ ከግንቦት ልደታ በኋላ በአብነት ሳልፍ ብረታ ብረት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ስድስት በርሜል ለሁለት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በተበየደ እግር ላይ በረድፍ ቆሟል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥግ ላይ ጤና አዳም። ትልቋ ልጁ በጆግ ውሃ ታጠጣለች። ስታየኝ «የአባዬ አፈር ነው» አለችኝ። ታምራት የብየዳ መነጽሩን ወደ ላይ አድርጎ ከውስጥ ወጣ። እሱ ቅዳሜና እሁድ አሁን ቤቱ ነው። በወር አንድ ጊዜ ግን የእኅቱን ልጆች ልይ ብሎ ይሄዳል፤ ሲሄድም ከሥጋ ቤቶቹ የሰበሰበውን ፈርስ ጭኖ ነው። እኅቱ እንደነገረችኝ ከሆነ ልጆቹን ሳያይ በፊት የታችኛውን ማሳ ነው የሚያየው።

አንድ እፍኝ ጎመን ቀጥፎ ሰጠኝ። «ይኸው፣ እትዬ ዘነብ፤ በዓይነት ተካፈልኩ» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ቆመን እንደ ድሮው ብዙ አወራን።

መሬቱ አልተከፋፈለም። ባለፈው መኸር ከእርከኖቹ ላይ ባቄላ ተለቅሟል። ለሰባት ቤተሰብ የሚበቃ አልነበረም፤ ግን ደርሷቸዋል። እኔ የፎቶ ኮፒ ቤቷን ጥግ በዚህ ዓመት ለቀቅሁ። ኮምፒውተሩን ለተከታዬ ልጅ ያስረከብኩት ያንን «በዓይነት ይከፈል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ፋይል ውስጥ አጥፍቼ ነው። የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ አስባ በእጇ ትጻፈው።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ሰዎች አብረው ለመኖር ሲመጡ መጀመሪያ የምትጽፉት የመውጫውን አንቀጽ ይሁን። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ በቃላችሁ የምታውቁትን ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አንብቡት፤ የምትሳሳቱት እሱ ላይ ነው።